ሁለታችሁም የምትወርዱበት ደሴት

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ አማት፣ ስለ ደመወዝ አያያዝ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሽርሽር ነው። «የፓስተር ሚስት ስለ ሽርሽር!» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ቶሎ አትፍረዱ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

የጋብቻ ቀለበታችንን ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች የገዛን ባለትዳሮች ብዙ ነን። ቀለበቱ ጣታችን ላይ ከገባ አሥርም፣ አሥራ አምስትም፣ ሃያም ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያለ ልጅ፣ ያለ እንግዳ፣ ያለ ለቅሶና ያለ ኮሚቴ ስብሰባ ሁለት ቀን ሙሉ አብራችሁ የዋላችሁበትን ጊዜ ቁጠሩ ብትባሉ ስንቶቻችሁ ከአንድ እጅ ጣት ታልፋላችሁ? ቀድሞ ቢያንስ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በእግር ወረድ ብሎ ማኪያቶ መጠጣት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩ የፒያሳ ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ ግን ብዙዎቹ ወገኖቻችን ከከተማዋ ዳር ተነሥተው፣ ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀያይረው ነው አራዳ የሚደርሱት። ስብከቱ እንዳለቀ ሰዓት ያያሉ፤ ልጆቹን ሰብስበው ወደ ታክሲ ሰልፍ ይሮጣሉ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ቆመው የሚነጋገሩት ሰልፉ ላይ ብቻ የሆነበት ቤት አለ።

ለዚህ ይመስለኛል በባለትዳሮች ኅብረታችን ውስጥ «ለጋብቻ በዓላችን የት ብንሄድ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የበዛው። ጠያቂዎቹ ስልካቸውን አውጥተው የሚያሳዩኝ ፎቶ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ዘንባባ። ዛንዚባር!

ዛንዚባርን አልነቅፍም። አቅሙ ያላችሁ ሂዱ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ይበርራል። ከሄዳችሁ ግን አሸዋው ላይ ብቻ ተኝታችሁ አትመለሱ። ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ በእግር ለመዞር ግማሽ ቀን ይበቃዋል። እዚያ አንድ የአንግሊካን ካቴድራል አለ፤ የተሠራው የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ገበያው የተዘጋው በ1873 እ.ኤ.አ. ሲሆን ውሉን የፈረመው ሱልጣን ባርጋሽ ነበር። የፈረመውም ወድዶ አይደለም፤ እንግሊዞች በመርከቦቻቸው ደሴቱን እንዘጋለን ብለው ስላስፈራሩት ነው። የባርጋሽ እናት ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ? በባርነት ወደ ሱልጣኑ ቤት የገባች ሐበሻ ነበረች። ያንን ቦታ ሳያይ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ፣ በእኔ አስተያየት፣ ዛንዚባርን አላየም። ለቀን ጉዞ ደግሞ ግዙፎቹ ኤሊዎች ያሉባት ቻንጉ ደሴት በጀልባ ቅርብ ናት፤ ጆዛኒ በሚባለው ደን ውስጥም በዛንዚባር ብቻ የሚገኘው ቀይ ጉሬዛ ይታያል።

ሆኖም ቁጭ ብላችሁ ሒሳቡን ሥሩ። የሁለት ሰው ትኬት አለ፣ ቪዛ አለ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አለ። ከኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ወደ ደሴቱ የሚገባ የውጭ እንግዳ የ44 ዶላር መድን እንዲገዛ ተደንግጓል። ሆቴሉም፣ ጀልባውም፣ አስጎብኚውም ዋጋው የሚጠራው በዶላር ነው። በዕቁብ ለሚኖር ቤት ይህ ከባድ ሸክም ነው፤ ከሽርሽር በተመለሱ ማግሥት በዕዳ የሚጣሉ ባለትዳሮችን ደግሞ ማስታረቁ የሚደርሰው እኛው ላይ ነው!

እኛም እኮ ደሴቶች አሉን። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ከእነርሱም 20 ያህሉ ላይ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን አለ። ባሕር ዳር አድራችሁ ጠዋት ስትወጡ ዘንባባው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ የውሃው ሽታና ሙቀቱ ይቀበሏችኋል። በስልካችሁ ፎቶ ላይ ያያችሁት ሁሉ አለ፤ ከባሕሩ ውሃ የጎደለው ጨው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት፣ በዓባይ በረሃ በኩል የሚያልፈውን 560 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለመዝናናት ብላችሁ እንድትጓዙበት አልመክርም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ባሕር ዳር ለሚኖር ወገን ደውላችሁ ስለ ከተማውም ስለ ሐይቁም ለየብቻ ጠይቁ፤ ከተማው ደኅና ሆኖ ጀልባ ራቅ ብሎ የማይሄድበት ጊዜ ይኖራልና። «አሁን ይቅርባችሁ» የሚል መልስ ካገኛችሁ ይቅርባችሁ። ዝዋይ አለላችሁ፤ እርሱን ከታች እነግራችኋለሁ። ጣና የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የጣናን ጉዞ ለባለትዳሮች ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ማስታወቂያዎቹ ላይ አታገኙትም፣ አስጎብኚውም ብዙ ጊዜ ጀልባው ከተነሣ በኋላ ነው የሚነግራችሁ። ከደሴቶቹ አንዳንዶቹ ሴት አይረግጣቸውም።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያናችን ጥቂት ባለትዳሮች ጋር ሄደን ነበር። በሁለተኛው ቀን ጉዟችን ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሆነ፤ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ዳጋ ከውሃው መካከል እንደ ሞሰብ ክዳን ብቅ ያለ፣ በደን የተሸፈነ ኮረብታ ነው። በዕቃ ቤቱ የነገሥታት ዐፅም በመስተዋት ሣጥን ተቀምጦ ይታያል፤ የይኩኖ አምላክ፣ የቀዳማዊ ዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ። ዘርዐ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስን ያሳደደው ንጉሥ ነው፤ የእኛ ሰዎች ስሙን የሚያውቁት በዚያ ነው። (ደቂቀ እስጢፋኖስ ከዚህ ገዳም ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት፤ እነርሱ የጉንዳጉንዴው የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ጀልባው ላይ በዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ሰዓት የፈጀ ክርክር ስለነበረ ነው የማነሣው።) ወንዶቹ ወረዱና ዳገቱን ያዙት። እኛ ሦስት ሴቶች ከጀልባ ነጂው ጋር ማረፊያው አጠገብ ቀረን።

ቅሬታ ለማሰማት አይደለም ይህን የምተርከው፤ ገዳሙ ከእኛ ትውልድ በፊት ጀምሮ የያዘው ሥርዓት ነው፣ እንግዳ ደግሞ የቤቱን ሥርዓት ያከብራል። ውሃው ጸጥ ያለ ነበር፣ ነጂው የቋጠረውን ዳቦ አካፈለን፣ ወሬያችንም ደርቶ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አንዷ፣ ዓመታዊ ፈቃዷን በሙሉ ለዚህ ጉዞ ያዋለች እህት፣ ዝም ብላ ቆየችና «ይህን ሁሉ ዓመት አጠራቅመን የመጣነው እኔ ለብቻዬ ውሃ ላይ ልቀመጥ ነው?» አለች። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም። ጥቂት እንደቆየን ባሏ ብቻውን ከዳገቱ ሲወርድ አየነው። ወድቆ የተጎዳ መስሎን ደነገጥን። እርሱ ግን ግማሽ መንገድ ደርሶ ነው የተመለሰው። «የነገሥታት ዐፅም ለብቻዬ አይቼ ለማን ልንገረው ነው?» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ምንም አልተነጋገሩም፤ እርሷ ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችው።

ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የቀረልኝ ይህ ነው። ባሌ ደግሞ እስከ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስ የነገረኝን በደስታ ሰምቻለሁ። እያንዳንዱ ትዳር የራሱ ሚዛን አለው። ይሁን እንጂ የጋብቻ በዓል ጉዞ ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጀልባ ነጂውን «የት የት እንደርሳለን?» ብቻ ሳይሆን «ሚስቴ የትኞቹ ላይ ትወርዳለች?» ብሎ ባልየው ይጠይቅ። ሚስቲቱ አትጠይቅ፤ ባልየው ይጠይቅ። ጥያቄው ከእርሱ ሲመጣ ለእርሷ ግማሹ ሽርሽር ያን ጊዜ ተጀመረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የቀናችሁን አወጣጥ በዚህ መልክ ልታስቡት ትችላላችሁ። ወደ ዳጋ የሚሄድ ጀልባ ብዙ ጊዜ ወደ ናርጋ ሥላሴም ይሄዳል፤ ናርጋ ከዳጋ አጠገብ ካለው ከትልቁ ከደቅ ደሴት በስተምዕራብ ነው። ናርጋን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። በ1730 እ.ኤ.አ. ልጇ ኢያሱ ሕፃን ሳለ ሲነግሥ አብራ ዘውድ ጭና አገር ያስተዳደረች፣ ጎንደር ላይ ቁስቋምን ያሠራች ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎች በአንዱ እቴጌዪቱ ራሷ ከማርያም ሥዕል እግር ሥር ወድቃ ትታያለች። እዚህ ሴት ትገባለች። የዚያን ቀን ከዳጋ ተነሥተን ናርጋ ስንደርስ ያቺ እህት ከጀልባው ቀድማ የወረደች እርሷ ነበረች፤ ባሏ ጫማዋን ይዞላት ከኋላ ተከተላት። እኔ ብመርጥ ዳጋን ትቼ ቀኑን ሙሉ ለናርጋ እሰጠው ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሁለት ቦታ ለማዳረስ ሲባል የሚያልፈው ሰዓት ይበዛል።

ለባሕር ዳር ቅርብ የሆኑት ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ናቸው። ጎን ለጎን ያሉ ትንንሽ ደሴቶች ሲሆኑ ክብራን ለወንድ ብቻ ነው፣ እንጦስ ላይ ግን ሴትም ትወርዳለች። አስጎብኚዎች ባልን ክብራን፣ ሚስትን እንጦስ አውርደው በኋላ ይሰበስቧቸዋል። ጥበብ ያለበት አሠራር ነው፤ ቢሆንም ሁለታችሁም እንጦስ ውረዱ ብል የሚቀየመኝ አይኖርም። ደብረ ማርያም ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ናት፤ ከባሕር ዳር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ለሁለታችሁም ክፍት ነው። በዚያ በኩል ስታልፉ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችን ታያላችሁ። ታንኳውን በመሥራት የታወቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ብዙ አይቆይም፤ ጠዋት ከሠሩበት በኋላ ዳር ላይ አቁመው ፀሐይ ያሰጡታል።

አንድ ቀን ብቻ ያላችሁ ግን ዘጌ ሂዱ። ዘጌ ደሴት ሳትሆን ልሳነ ምድር ናት፤ ብዙ ሰው ግን በጀልባ ስለሚደርስባት ደሴት ይላታል፣ እኔም አልከራከርም። በዘጌ በቆየው ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ ሥርዓቱንም የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም እንደ ሠሩት ይነገራል። ስለዚህ ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው። ውጤቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ዙሪያው ተመንጥሮ ሲያልቅ ዘጌ ላይ ደኑ ቆሟል። ከጀልባው ወርዳችሁ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የምትወጡበት መንገድ ከላይ በዛፍ፣ ከሥር በቡና የተሸፈነ ነው። ጎን ለጎን ለመሄድ ይበቃል፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ ለመሄድም ይበቃል፣ የሚያያችሁ ዲያቆን ቢኖርም አትፈሩ። የዑራም የዓዝዋ ማርያምም መቅደስ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል የተሞላ ነው። መምሬው በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ሲያስረዱ የብሉይና የሐዲስ ታሪኮችን በዓይናችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ የማታውቋቸው ታሪኮችም አሉ፣ ጠይቁ።

ይህን ስል «ፕሮቴስታንት ገዳም ምን ይሠራል?» የሚል ደብዳቤ እንደሚደርሰኝ አውቃለሁ። ገብታችሁ የማታምኑበትን አድርጉ የሚላችሁ የለም። ነጠላ ልበሱ፣ ጫማ አውልቁ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ የመግቢያውን ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ክርክር አትክፈቱ። ሰው ቤት ገብቶ የባለቤቱን ሃይማኖት የሚተች እንግዳ በእኛም አገር ነውረኛ ነው። ደግሞስ በእጃችን የያዝነው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከየት መጣ? በ1840 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መሠረቱ አቡ ሩሚ የተባለ የጎጃም ተወላጅ መነኩሴ ካይሮ ላይ ሆኖ የተረጎመው ነው። በብራና ላይ ፊደል በፊደል ሲጽፉ ዓይናቸው የፈዘዘ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ እርሱም የሚተረጉምበትን እውቀት ባላገኘ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ በአንድ ገጽ አልፈነዋል፤ ዘጌ ላይ ብራናው ሲገለጥ ግን ገጹ ስንት ቀን እንደሚወስድ ገባኝ።

ጢስ ዓባይን ብዙዎች የጉዞው ዋና አድርገው ያስባሉ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በነሐሴና በመስከረም ሲሞላ ግርማው ያስደነግጣል፤ በበጋ ግን ውሃው ለመብራት ማመንጫ ስለሚጠለፍ የምታዩት ቀጭን ነጠብጣብ ይሆናል። በጥርና በየካቲት ከሆነ የምትሄዱት ቀኑን አታባክኑበት።

ስለ ጤና ደግሞ በአጭሩ። ጣናም ዝዋይም ቢልሃርዝያ አለባቸው፤ ስለዚህ አትዋኙ፣ እግራችሁንም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አትቀመጡ፣ ፎቶ ላይ ቢያምርም። ሁለቱም ወባ ያለባቸው አገሮች ናቸውና አጎበር ያለበት ክፍል ጠይቁ። ጀልባ የምትይዙት ጠዋት ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ያስቸግራል። ላይፍ ጃኬት ለሁለታችሁም ከሌለ አትሳፈሩ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስላችሁ። ጉማሬ ያለበት ቦታ ነጂው ራቅ ብሎ ሲያልፍ «ቀረብ አድርገን» አትበሉት።

አሁን ወደ ዝዋይ እንምጣ፤ አውሮፕላኑ ለማይቻላችሁ፣ ወይም የጣና ሰላም ላልሆነላችሁ። ዛሬ ባቱ የምትባለው ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከፒያሳ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከተነሣችሁና ቃሊቲ መናኸሪያ መኪና ከያዛችሁ፣ በፈጣኑ መንገድ ሞጆ ደርሳችሁ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ፤ ለቁርስ ሐይቁ ዳር ናችሁ። የዚህንም መንገድ ሰላም ቀድማችሁ አጣሩ። ዝዋይ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፣ ደብረ ጽዮንም ይሉታል። በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ገሊላና ደብረ ሲና ቀረብ ይላሉ።

ዝዋይን የምወድበት ምክንያት አለኝ። በደሴቶቹ የሚኖሩት ዛይ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ለሐረሪና ለስልጢ ቋንቋ የሚቀርብ ነው። እንደ ትውፊቱ በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም ታቦተ ጽዮንን ይዘው የሸሹ ካህናት እዚህ መጥተው ሰባ ዓመት ያህል ተቀምጠዋል፤ የቱሉ ጉዶ ቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍትም አሉት። የታሪክ ሰዎች ስለ ታቦቱ የየራሳቸውን ይላሉ። እኔን ያስደነቀኝ ግን የተራራው ጎን ነው። በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ድንጋይ ደርድረው እርከን ሠርተው፣ ባልና ሚስት አብረው እያረሙ፣ ዓሣውን አብረው እያወጡ ዘመናት ኖረዋል። ሰው ቤተሰብ ይዞ የሚኖርባት ደሴት ስለሆነች ከጀልባው ሁለታችሁም ትወርዳላችሁ። ብዙዎቹ ዛዮች ዛሬ ወደ ሐይቁ ዳር ከተሞች ወጥተዋል፤ የቀሩት ግን እንግዳ ሲመጣ ቡና ለማፍላት አይሰስቱም።

ስትመለሱ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ጥብስ ብሉ። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ፍርፋሪ ለመልቀም እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚዞሩ ይመስላሉ፤ እነርሱን እያዩ መሳቅ በራሱ ከምክር አገልግሎት አያንስም። ቆሮሶ የማይወድ አምባዛ ይዘዝ፤ እኔ ግን የዓሣ ሾርባውን ሳልጠጣ ተነሥቼ አላውቅም። ከጨለማ በፊት መንገድ ጀምሩ።

ስልክስ? በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደቀ መዛሙርቱ ለመብላት እንኳ ጊዜ ስላልነበራቸው ጌታ ወደ ምድረ በዳ በጀልባ ወስዷቸው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀደማቸው። የዛሬው ሕዝብ የሚቀድመው በስልክ ነው። ባሌ አገልጋይ ስለሆነ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፤ በቱሉ ጉዶ አቀበት ላይ እንኳ ኔትወርክ አለ! እኛ ቤት የተስማማነው ስልኩ በእኔ ቦርሳ ውስጥ እንዲሆን፣ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት እንዲከፈት ነው። እውነተኛ ለቅሶ ከሆነ ግማሽ ሰዓቱ ውስጥ ይደርሰናል።

የቀረው የልጆቹ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ነው ጉዞውን የምትሰርዙት። ቀድሞ በአንድ ግቢ ስንኖር ልጅ ለጎረቤት ትቶ መሄድ ቀላል ነበር፤ ጎረቤቱ ሲበተን ያም አብሮ ተበተነ። በእኛ ኅብረት የጀመርነው አንድ ዘዴ አለ። ሁለት ባለትዳሮች ይጣመራሉ፤ አንዱ ቤት በጥቅምት ሁለት ሌሊት የሌላውን ልጆች ይይዛል፣ ሌላው በጥር ይመልሳል። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፍራሽና ትልቅ የሽሮ ድስት ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳቸውንና መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ መድኃኒቱን ከነሰዓቱ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ። ጀልባውን ከማስያዛችሁ በፊት ከማን ጋር እንደምትጣመሩ በዚህ እሑድ፣ ታክሲ ሰልፉ ላይ ቆማችሁም ቢሆን፣ ተነጋገሩ።